ከስብከቱ በፊት የሚታወቅ ሰው

በትናንሽ የገጠር ከተሞች ለማገልገል ለሚሠማሩ አዲስ አገልጋዮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አብዛኞቻችሁ የምደባ ደብዳቤው እስኪደርሳችሁ ድረስ ስሟን እንኳ ሰምታችሁ ወደማታውቋት ከተማ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ ትሄዳላችሁ። የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች የጋበዙኝ ስለ ገጠር አገልግሎት ስልት እንድናገር ነበር። ግብዣውን አክብሬ ተቀበልኩ፤ ነገር ግን ለመናገር ስዘጋጅ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ሳገለግል ስልት ብዬ ልጠራው የምችለው ነገር እጄ ላይ አለመኖሩን አየሁና ርእሱን ትንሽ ጠምዘዝ አደረግኩት። አዘጋጆቹ ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የምነግራችሁ ነገር በመሠረቱ አንድ ነው፤ በትልቅ ከተማ ሰው አስቀድሞ ስብከቱን ይሰማል፣ ከወደደው ደግሞ ሰባኪውን ለማወቅ ይቀርባል፤ በትንሽ ከተማ ግን ሰው አስቀድሞ ሰባኪውን ያውቃል፣ ስብከቱንም የሚሰማው ባወቀው ልክ ነው። የቅደም ተከተል ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን አገልግሎቱን ከሥር እስከ ጫፍ ይለውጠዋል።

በእኔ የደረሰውን ላስቀድም። በደረስኩበት ሳምንት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቼ የመቀመጫውን አደራደር ስመለከት አላማረኝም። አግዳሚ ወንበሮቹ ለመቶ ሰው የሚበቁ ሲሆኑ የሚመጣው ሰው አርባ አይሞላም፤ እርሱም እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሦስት እየሆነ ተበታትኖ ነው የሚቀመጠው። በትምህርት ላይ ሳለን ምእመናን ተቀራርበው ሲቀመጡ ዝማሬውም ጸሎቱም እንደሚደምቅ ተነግሮን ነበርና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ላቤ እስኪንጠፈጠፍ የኋለኞቹን ወንበሮች ወደ ግድግዳ አስጠግቼ የፊተኞቹን በግማሽ ክብ ደረደርኩ። በማግስቱ የመጡት ሰዎች በሩ ላይ ቆም ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው ቆመው ቆዩ። ማንም ምንም አላለኝም። ሦስት እሑዶች እንዲህ አለፉ። በአራተኛው ሳምንት የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙት አዛውንት በሩን እየቆለፉ ሳለ፣ ወደ እኔ ሳይመለከቱ፣ "በመስኮቱ በኩል ያለችው ሦስተኛዋ ወንበር የአናጢው ነበረች" አሉኝ።

"የትኛው አናጢ?" አልኳቸው።

"ወንበሮቹን ሁሉ የሠራቸው ነዋ። ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከጎኑ ነበር የምትቀመጠው፤ አሁንም ከጎኑ ነው የምትቀመጠው።"

በዚያው ሌሊት ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። እግራቸው ለዓመታት ባረፈበት የወለሉ ሳንቃ ላይ ትናንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች ስለነበሩ መመለሱ አላስቸገረኝም፤ ቅዳሜ ዕለት ያንኑ ምልክት እያየሁ ለምን እንዳላሰብኩበት ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ባዶ መቀመጫ ያየሁበት ቦታ ላይ እነርሱ የተቀመጠ ሰው ያዩ ነበር። አንዲት ትንሽ ከተማ እንዲህ ባሉ በዓይን በማይታዩ ምልክቶች የተሞላች ናት፤ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ የትኛው ቤት በር ሁለት ጊዜ ተንኳኩቶ ሦስተኛ እንደማይንኳኳ፣ የትኛው ስም በጸሎት ሲጠራ ማን አንገቱን እንደሚደፋ ሁሉም ያውቃል፤ የማያውቀው አዲሱ አገልጋይ ብቻ ነው። ይህንንም ማንም ተቀምጦ አያስረዳችሁም፤ ነዋሪዎቹ ሊደብቁት ፈልገው ሳይሆን፣ ለእነርሱ እንደ አየር የሚተነፍሱት ነገር ስለሆነ መነገር እንዳለበት እንኳ አይታያቸውም።

ትንሹን ስፍራ አቃልሎ የማየት ዝንባሌ ከእኔ አልጀመረም፤ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ረዥም ሥር አለው። በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለገጠሩ ሕዝብ የራሱ ኤጲስ ቆጶሳት ይሾሙለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ314 በአንቂራ፣ በዛሬዋ አንካራ፣ የተሰበሰበው ጉባኤ እነዚህ የገጠር ኤጲስ ቆጶሳት ያለ ከተማው ኤጲስ ቆጶስ ፈቃድ ቀሳውስትን እንዳይሾሙ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ343 በሰርዲቃ፣ በዛሬዋ ሶፊያ፣ የተሰበሰበው ደግሞ አንድ ቄስ በሚበቃበት መንደር ወይም ትንሽ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ጨርሶ እንዳይሾም ደነገገ፤ የሰጠውም ምክንያት የኤጲስ ቆጶስነት ስምና ሥልጣን እንዳይቃለል የሚል ነበር። ለሥርዓት ከታሰበ ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ነገር ግን የስፍራው ማነስ የአገልጋዩን ክብር ያሳንሳል የሚለው ሐሳብ ከድንጋጌው ዘሎ ወደ ልባችን ገባ፤ ዛሬም ስለ ምደባ ስንነጋገር "ለጊዜው እዚያ ቆይ" የምንለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ታሪክ ነው። ጎርጎርዮስና የቂሳርያው ባስልዮስ በአቴንስ አብረው የተማሩ የልብ ወዳጆች ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌንስ በዛሬዋ ቱርክ የምትገኘውን የቀጰዶቅያን አውራጃ ለሁለት በከፈላት ጊዜ ባስልዮስ በሥልጣኑ ላይ የመጣበትን ፉክክር ለመቋቋም አዳዲስ መንበሮችን አቋቋመና፣ እ.ኤ.አ. በ372 ገደማ ወዳጁን ሳሲማ ለምትባል የመንገድ ዳር ከተማ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ ስለዚያች ከተማ በኋላ በግጥም ሲጽፍ ምሬቱን አልሸሸገም፤ መንገዶች የሚገናኙባት፣ ውኃ የሌላት፣ ልምላሜ የማይታይባት፣ አቧራና የሠረገላ ጩኸት የሞላባት ስፍራ አድርጎ ነው የሣላት። ሥራውን በወጉ ሳይጀምር ትቷት አባቱ ወዳሉበት ተመለሰ፤ ከዓመታት በኋላም በቁስጥንጥንያ ባደረጋቸው ስብከቶች ስሙ ገነነ። ልፈርድበት አልመጣሁም፤ የተሾመው ለፖለቲካ መያዣነት እንደሆነ እያወቀ መቆጣቱ የሚጠበቅ ነው። ቢሆንም ያን ግጥም ባሰብኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ በዚያ አቧራ ውስጥ የሚኖሩት፣ የሠረገላ መንኮራኩር የሚጠግኑትና በቅሎ የሚጭኑት ሰዎች ኤጲስ ቆጶሳቸው ሳይመጣላቸው መቅረቱን ሲሰሙ ምን ተባባሉ? የእነርሱን ግጥም የጻፈልን የለም።

በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ሲሰብክ ባለ ርስቶችን በግልጽ ወቅሷቸዋል፤ በመንደሮቻችሁ ገበያና መታጠቢያ ቤት ትሠራላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አትሠሩም እያለ። ሕንፃውን ሠርቶ አገልጋይ መላክ አንድ ነገር ነው፤ የተላከው አገልጋይ በልቡ ደርሶ እዚያ መኖሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በምትሄዱበት ስፍራ የሚጠብቋችሁ ሰዎች ከእናንተ በፊት ብዙዎችን ሲቀበሉና ሲሸኙ የኖሩ መሆናቸውን አትርሱ። አገልጋዩ የልብሱን ሣጥን ከፍቶ ልብሱን ሰቅሏል ወይስ ከሣጥኑ እያወጣ ይለብሳል የሚለውን፣ እንዴት እንደሆነ ባላውቅም፣ ያውቁታል።

ናትናኤል "ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?" ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ትንሽ ከተማን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ጥያቄ ነው። የናዝሬት ሰዎች ራሳቸው ግን "ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን?" ሲሉ ከውስጥ ሆነው ነው የሚናገሩት፤ የውስጡ ጥያቄ ደግሞ ከውጩ ይከብዳል። ወንጌላዊው ማርቆስ በዚያ ከጥቂት ድውዮች በቀር ተአምር ሊያደርግ እንዳልቻለ ጽፎልናል። ስለዚህ መታወቅ በራሱ በረከት ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ሰው በደንብ ሲያውቅህ እንደገና ማየት ሊያቆም ይችላል፤ በሰባት ዓመትህ የሰበርከውን መስኮት በአርባ ዓመትህ የሚያስታውስ ጎረቤት የተለወጥክ መሆንህን ለማመን ይቸግረዋል። በትንሽ ከተማ ስለ ንስሐ የሚሰብክ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ኃጢአተኛው ንስሐ ቢገባ እንኳ ከተማው ታሪኩን ይዞ ይቆያል። እኔ ያየሁት አንድ የቀድሞ ሰካራም መጠጥ ካቆመ ከስድስት ዓመት በኋላም መንገድ ላይ ሲደናቀፍ ሰው ይጠቃቀስበት ነበር፤ ድንጋይ መትቶት እንኳ ቢሆን።

አሁን ስለ መማር ልናገር። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኸርበርት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የአደባባይ ተናጋሪነት ሹመት የነበረውና የፓርላማ አባልም የሆነ ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1630 ቤመርተን ወደምትባል የገጠር ደብር ሄዶ፣ ዐርባ ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1633 እስኪሞት ድረስ እዚያው አገለገለ። ስለ ገጠር ካህን የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1652 ነው። በውስጡ ካህኑ የእርሻንና የከብት ርቢን ሥራ እንዲያውቅ ይመክራል፤ ሰዎች ወደማያውቁት ነገር በሚገባ የሚመሩት በሚያውቁት ነገር በኩል ነው ይላል። ምክሩን ሳነበው ለስብከት ምሳሌ የሚሆን ነገር መሰብሰብ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ዘርና ስለ አዝመራ ጥቂት ቃላት ይዤም ወደ መድረክ ወጥቼ ነበር። ገበሬዎቹ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት በምሽት የሚካሄድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አወጅኩ፤ አንድ ሰው ብቻ መጣ። ለምን እንዳልመጣ የጠየቅኩት ገበሬ "መሬቱም ዛሬ ይጠራናል፣ እርስዎም ዛሬ ይጠሩናል፤ መሬቱ ግን ነገ አይጠራንም" ብሎ መለሰልኝ። ስለ መከር ስሰብክ የከረምኩት ሰውዬ ጊዜው የመከር ወቅት መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ የዓመቱን መርሐ ግብር ብቻዬን ማውጣት አቆምኩ። ከሁለት ገበሬዎች፣ ከአንዲት መምህርትና ከቁልፍ ያዡ አዛውንት ጋር ተቀምጠን በየትኛው ወር ሰው እንደሚደክም፣ በየትኛው ወር እጁ ባዶ ሆኖ ሆዱ እንደሚባባ፣ በየትኛው ደግሞ ገንዘብ ገብቶ ጠብ እንደሚበዛ ለይተን አወጣን። አዎን፣ ገንዘብ ሲገባ ጠብ ይበዛል፤ ይህን የነገረችኝ መምህርቷ ናት፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሲጣሉ የወላጆቻቸውን ክርክር ቃል በቃል ይደግሙት እንደነበር ታዝባለች።

ስለ መታየት የምለው ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። በትንሽ ከተማ የአገልጋይ የግል ጊዜ የሚባል ነገር የለም ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። መኪናዬ ከአንድ ቤት ደጃፍ ለግማሽ ሰዓት ከቆመች በዚያ ቤት ሰው ታሟል ማለት ነው፤ ለሁለት ሰዓት ከቆመች ባልና ሚስት ተጣልተዋል፤ ሌሊት ከቆመች ሰው ሞቷል። እኔ ለማንም ሳልናገር መኪናዬ ትናገርብኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇ የገባበትን ችግር ልታማክረኝ ፈልጋ ወደ ቤቷ እንዳልመጣ ለመነችኝ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም በሥራ ቀን መምጣት ፈራች። በመጨረሻ የተነጋገርነው በመቃብር ስፍራው ነው፤ እርሷ የአባቷን መቃብር አረም ስትነቅል እኔ ከጎኗ ቆሜ። የቆመ ቄስና መቃብር የምታጸዳ ሴት ማንንም አያስገርምም። ከዚያ ወዲህ ከመቃብሩ አጠገብ ብዙ ሰው አማክሬአለሁ፤ አረምም ብዙ ነቅያለሁ።

ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አገልጋይ "በውጭ ካሉት ሰዎች ደግሞ መልካም ምስክር ሊኖረው ይገባዋል" ያለው በትንሽ ከተማ ሲነበብ ሌላ ክብደት አለው። እዚያ "በውጭ ያለው" ሰው ሩቅ ያለ ሰው አይደለም፤ ልጅህን የሚያስተምረው፣ ጥርስህን የሚነቅልልህ፣ የተበላሸ ቧንቧህን የሚጠግንልህ ሰው ነው። ዕዳህን በጊዜው ትከፍል እንደሆነ፣ ልጅህ ሲያጠፋ እንዴት እንደምትቆጣ፣ ሚስትህን ሰው ፊት በምን ቃል እንደምትጠራት ያውቃል። ስለ አንተ የሚባለውን ደግሞ አንተ መጨረሻ ላይ ትሰማለህ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ። ሸክሙ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በትዳር አጋርና በልጆች ላይ መሆኑንም እወቁ። ለአገልግሎቱ ያልተሾሙት፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው እነርሱ ናቸው፤ የሚታዩት ግን እኩል ነው። በዚህ ጉዳይ ቤተሰቤን በደልኩ እንጂ አልጠበቅኩም፤ ልጆቼ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ጨዋ እንዲሆኑ ያስገደድኳቸው ለእግዚአብሔር ብዬ ሳይሆን ለጎረቤት ዓይን ብዬ ነበር።

ምስጢርን በተመለከተ የምላችሁ አጭር ነው። በትንሽ ከተማ አንድ ምስጢር አንድ ጊዜ ካመለጠህ አገልግሎትህ አብቅቷል፤ ደብዳቤ ጽፎ የሚያባርርህ ባይኖርም አብቅቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚህም በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ከምሳሌ ነው፤ "በአንድ ወቅት የማውቀው አንድ ሰው" ብላችሁ መድረክ ላይ የምትጀምሩት ታሪክ ስም ባይኖረውም አርባ ሰው ባለበት ጉባኤ ሠላሳ ዘጠኙ ስሙን ይሞላበታል፤ አርባኛው ባለቤቱ ነው። እኔ ሁለት ደብተሮች ነበሩኝ። በአንደኛው የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር ቀኖችን፣ የታመሙ ሰዎችን ስምና የመቃብሮቹን ቦታ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ደግሞ ለጸሎት እንዲረዳኝ ሰዎች የነገሩኝን በራሴ ምልክት አሰፍራለሁ።

የማኅበረሰቡ ኑሮና የቤተ ክርስቲያኑ ኑሮ የማይለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት በአንድ ቀብር ላይ ነው። ሁለት ቤተሰቦች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሃያ ዓመት ያህል አልተነጋገሩም። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ አንዱ በግራ በር ሌላው በቀኝ በር ይገባል። ስለ ዕርቅ ሁለት ጊዜ ሰበክሁ፤ ሁለቱም ወገኖች ስብከቱ ለሌላኛው መሆኑን ተረድተው አመሰገኑኝ። በኋላ የአንደኛው ቤተሰብ አባት ሞተ። ዝናብ ስለነበር መቃብሩ ውኃ ይቋጥራል፤ ቆፋሪዎቹ ሦስት ወጣቶች ነበሩ፣ ደከሙ። የሌላኛው ቤተሰብ ታላቅ ልጅ ከሰዉ መካከል ወጥቶ ኮቱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለ፤ አካፋውን ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ማንም አልተናገረም። ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይደርስ ነበር። ቆፍሮ ሲጨርስ የሟች ልጅ እጁን ዘርግቶ ጎትቶ አወጣው፤ የተጨባበጡትም ለማውጣት ያህል ብቻ ነው፤ ወዲያው ተለያዩ። በማግስቱ የተለወጠ ነገር አላየሁም። በሦስተኛው ወር ግን ድንበሩ ላይ የነበረው ችካል አንድ እርምጃ ያህል ተነቅሎ ተተከለ፤ ማን እንደነቀለው፣ ወደ የት ወገን እንደተጠጋ አልጠየቅሁም። ስለ ዕርቅ ሦስተኛ ጊዜ አልሰበክሁም።

ቤተ ክርስቲያን ለከተማዋ ምን ልትሠራ ትችላለች ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ፓስተር ዮሐን ፍሪድሪክ ኦበርሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 በፈረንሳይ፣ በአልዛስ ተራሮች መካከል ወዳለ ድሃ ሸለቆ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1826 እስኪሞት ድረስ ለ59 ዓመታት አገለገለ። ሸለቆው ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ስላልነበረው ነዋሪዎቹን ሰብስቦ መንገድ እንዲሠሩ ጠየቃቸው፤ ሲያመነቱም ራሱ ዶማ ይዞ ጀመረ። መንገዱና ድልድዩ ተሠራ፤ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ለችግረኞች ብድር የሚሰጥ የገንዘብ ሣጥን ተቋቋመ፤ ገና ፊደል ለመቁጠር ያልደረሱ ሕፃናትን ሰብስቦ የማስተማር ሥራም ተጀመረ። ይህን የመጨረሻውን የተሸከሙት ሴቶች ናቸው፤ ሳራ ባንዜና ሉዊዝ ሸፕለር፤ ሥራውም ሕፃናቱ እጃቸውን በሹራብ ሥራ እያፍታቱ፣ እየዘመሩና እየተጫወቱ የሚማሩበት ነበር። ኦበርሊንን ስትጠቅሱ እነርሱንም ጥቀሱ። ደግሞም 59 የሚለውን ቁጥር አትዝለሉት። በሁለት ዓመት ቆይታ መንገድ ለመሥራት የሚነሣ አገልጋይ ብዙ ጊዜ ሥራውን ጀምሮ ይሄዳል፤ የተጀመረውን ጉድጓድ ዝናብ ይሞላዋል፤ ከተማዋም ለሚቀጥለው አገልጋይ "መንገድ" የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሻለው ሥራ ከተማዋ ራሷ የጀመረችውን፣ የደከመ ነገር ፈልጎ ትከሻ ማገዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ምን እንደሆነ በየቦታው ይለያያል፤ የሚያፈስ ጣራ ሊሆን ይችላል፣ ሒሳብ የሚይዝለት ያጣ ማኅበርም ሊሆን ይችላል።

ብቸኝነትን በዝምታ ላልፈው አልችልም። ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ቪያኔ እ.ኤ.አ. በ1818 አርስ ወደምትባል 230 ያህል ነዋሪ ወዳላት መንደር ሲላክ ማንም የሚቀናበት ምደባ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1859 እስኪሞት ድረስ እዚያው ቆየ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ንስሐ ለመግባት ይጎርፍለት ስለነበር በቀን እስከ 16 ሰዓት ሰው ሲያናዝዝ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1929ም የደብር ካህናት ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ ተሰየመ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ከአርስ ጠፍቶ ሊሄድ መሞከሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ አልበቃም እያለ። ይህን የሰማሁት በአምስተኛው ዓመቴ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ባስቀመጥኩበት ወር ነበር። ደብዳቤውን አልላክሁትም፤ ቪያኔን መስዬ ሳይሆን፣ በዚያ ሳምንት ሁለት ቀብር ስለነበረብኝ ነው።

ለብቸኝነት የሚረዳ ነገር ካለ ከኮረብታው ማዶ ያለ ወዳጅ ነው። የነገረ መለኮት ሊቁ ካርል ባርት እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1921 በሳፈንቪል፣ በስዊዘርላንድ ትንሽ ከተማ፣ ፓስተር ነበር። የሠራተኞችን ማኅበር በመደገፉ የፋብሪካ ባለቤቶች ተቆጡበት፤ "ቀዩ ፓስተር" የሚል ስምም ወጣለት። በየሳምንቱ እሑድ እየመጣበት ምን ልስበክ ብሎ ሲጨነቅ የነበረው ጭንቀት ነው ወደ ሮሜ መልእክት የመራው፤ ስለዚያ መልእክት የጻፈውም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ወጣ። በእነዚያ ዓመታት በአቅራቢያው በሌላ መንደር የሚያገለግለው ኤድዋርድ ቱርናይዘን ወዳጁ ነበር፤ አንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሳይገናኙ ሲቀሩ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ከከተማችሁ ሰው መካከል ወዳጅ አታፍሩ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የምትመሩት ሰው ሁሉን ልትነግሩት የምትችሉት ሰው አይደለም። ሁሉን የምትነግሩት ሰው ሌላ ከተማ ይኑር፤ ብትችሉ በእግር ወይም በብስክሌት ሊደረስበት የሚችል ይሁን።

በብዙ አገር ትናንሽ ከተሞች ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ለቀብር ነው። በእኔም ጊዜ የቀብሩ መዝገብ ከጥምቀቱ መዝገብ ቀድሞ ይሞላ ነበር። አንድ አገልጋይ ሦስት አራት አብያተ ክርስቲያናትን እየዞረ እንዲያገለግል መመደብም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የሜቶዲስት ሰባኪዎች በፈረስ ከመንደር መንደር የሚዞሩበት ወረዳ ነበራቸው። ሰባኪው በየወሩ አንዴ ብቻ በሚደርስበት ስፍራ ሕዝቡን ያቆየው እዚያው የሚኖረው፣ ያልተማረው፣ ያልተሾመው፣ በየሳምንቱ ቤቱን ከፍቶ ሰው የሚሰበስበው ምእመን ነው። እናንተም እንዲህ ባለ ምደባ ከተላካችሁ ያን ሰው ወይም ያችን ሴት ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ በእጃቸው ነው።

ልጨርስ። አሥራ አንደኛው ዓመት ሲያልቅ ተተኪዬ መጣ፤ ወጣት፣ ትጉ፣ ልብሱን በመጀመሪያው ቀን ከሣጥኑ አውጥቶ የሰቀለ። ሁለት ቀን አብረን ዞርን። መቃብሮቹን አሳየሁት፤ በመስኮቱ በኩል ያለችውን ሦስተኛዋን ወንበርም አሳየሁት፤ የአናጢው ሚስት ዐርፋ ነበርና አሁን የሚቀመጡባት የልጅ ልጆቿ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ማታ የምዝገባውን ደብተር አስረከብኩት። ገልጦ አየና፣ "ስለ ሰዎቹ ማወቅ ያለብኝ ነገር የለም? ማን ምን ችግር እንዳለበት፣ የማንን ነገር መጠንቀቅ እንዳለብኝ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ደብተር በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። "እነርሱ ይነግሩሃል" አልኩት፤ "በመከር ጊዜ ስብሰባ እንዳትጠራ ብቻ።" እርሱ ወደ መኝታው ከሄደ በኋላ የቁልፍ ያዡን አዛውንት ቤት አንኳኳሁ። ምድጃቸው ይነድድ ነበር። ደብተሩን ሳወጣ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ የምድጃውን በር ከፈቱልኝና ማገዶውን በብረት ገፋ አደረጉት።